አንድ ዓይናው የጠፈር ሰው

«ነጻ» የሚለውን ቃል ማመን ያቆምኩት ወረታ ነው፤ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው መንገድ አፍ ላይ በነበረች አንዲት ኢንተርኔት ቤት ውስጥ። ነገሩን በቅደም ተከተል ካላስረዳሁት አይገባም፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ልጀምር።

ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ ወረታ ተመደብኩ። ያደግኩት አዳማ ነው፤ ወረታ ያለችበትን ፎገራን የማውቀው በላሟ ዝና ብቻ ነበር። ያኔ ትምህርቱ የሚሰጠው በፕላዝማ ቴሌቪዥን ነው። ከሩቅ አገር የተቀረጸ መምህር በእንግሊዝኛ ይንደቀደቃል፣ ተማሪው አፉን ከፍቶ ያየዋል፣ እኔ መሐል ቆሜ የተባለውን ለመተርጎም እሽቀዳደማለሁ። መብራት ሲጠፋ ሦስታችንም እናርፋለን።

ተማሪዎቹ እንግሊዝኛን ይፈሩት ነበር። ፍርሃቱ እንዲለቃቸው ወደውት የሚያነቡት ነገር ያስፈልጋል። ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ከባሕር ማዶ በእርዳታ የመጡ መጻሕፍት ሞልተዋል፤ አንዱ ስለ ማቀዝቀዣ ጥገና፣ ሌላው ስለማላውቀው አገር የግብር አከፋፈል፣ ሌላው ደግሞ በረዶ ላይ ስለ መንሸራተት። ይህን የመጨረሻውን የተዋሰ አንድ ተማሪ ሲመልስልኝ ሥዕሉን እያሳየ፣ «ቲቸር፣ ሰውዬው ግን ለምን አይቀመጥም?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልስ አልነበረኝም፤ ለኔ ደግሞ መልስ እንደማጣት የሚያናድድ ነገር የለም።

መፍትሔው ኮሚክ እንደሆነ ወሰንኩ። ታሪኩ በሥዕል ተከፋፍሎ የሚቀርብበት፣ ሰዎቹ የሚናገሩት ከአፋቸው በሚወጣ አረፋ ውስጥ የሚጻፍበት መጽሐፍ ማለቴ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ያልገባህን ሥዕሉ ይነግርሃል። ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄጄ የንባብ ክበብ ላቋቁም እንደምፈልግና የተበላሹ ፕላዝማዎች የታጎሩበትን ክፍል እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት።

«ክበቡ በዕቅድ ውስጥ ይካተታል» አለ። «ክፍሉን ግን የወላጅ ኮሚቴው ለሩዝ ይፈልገዋል።»

ሩዝ የማይበቅልበት አገር ያለ አንባቢ ይህ ላይገባው ይችላል። የፎገራ ወላጅ ትምህርት ቤት ሲሠራ የሚያዋጣው በእጁ ያለውን ነው፤ በእጁ ያለው ደግሞ ሩዝ ነው። ሩዙ ዋጋ እስኪያወጣ ድረስ ተከማችቶ ይቆያል፤ ለማከማቸት ክፍል ያስፈልጋል። ለአዲስ መማሪያ ክፍል የሚሆን ሩዝ ለማስቀመጥ ያለውን ክፍል መውሰድ ለኔ የተገለበጠ ነገር ነበር። ይህንንም በዝርዝር አስረዳሁት።

ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን አየ። «ሩዙ ተወቅቶ ሲያልቅ ኮሚቴው መጥቶ ያያል። ክፍሉ ሥራ ላይ ከሆነ ላንተ ይቀራል። ባዶውን ካገኙት መሟገት አልችልልህም።»

እንግዲህ የነበረኝ ጊዜ ውቂያው እስኪያልቅ ነበር። ክፍሉን ጠረግኩ፣ ፕላዝማዎቹን ጥግ አስያዝኩ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ። የቀረው የሚነበበው ነገር ብቻ ነበር።

ኢንተርኔት ቤቷ ከመንገዱ በኩል የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ቀጥሎ የጉርድ ፎቶ የሚነሱበት ሰማያዊ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አቧራ የጠጡ ኮምፒውተሮች ነበሯት። ባለቤቱ የኔ እኩያ የሆነ የወረታ ልጅ ነው፤ ዋና ገበያው ለባጃጅ ነጂዎች ዘፈን በፍላሽ መጫን ነበር። የምፈልገውን ነገርኩት።

«የጠፈር ተረት?» አለ። «እንዲያው ለምን ይሆንሃል?»

«ለተማሪዎች። የሳይንስ ልቦለድ ቢሆን፣ የዘንዶና የአስማት ታሪክም ቢሆን ግድ የለኝም፤ የድሮና በነጻ የሚገኝ ይሁን። እየውልህ፣ አንዳንድ የድሮ አሳታሚዎች ከስረው ሲዘጉ መብታቸውን የሚያድስላቸው ጠፋ። ስለዚህ ሥራው የሕዝብ ሆነ። ማንም ወስዶ ቢያነበው ሌባ አይባልም።»

«ባለቤት የሌለው ከብት በለኛ።»

«እንደሱ አይደለም፤ በሕግ ሲታይ መብቱ...»

«በሕግ የጠፋ ከብት።» ወንበር ሳበልኝ። «ግባ በል። ኮኔክሽን ካለ ማለቴ ነው።»

ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን ሁሉ ብዘረዝር አንባቢ ይሰለቻል፤ ግን ያኔ ማንም ስላላዘነልኝ ጥቂቱን እዘረዝራለሁ። «በነጻ ያውርዱ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አለ። እሱን ስትጫን ሌላ አረንጓዴ ቁልፍ ይመጣል። ሁለተኛውን ስትጫን የፀጉር ማሳደጊያ ማስታወቂያ ይመጣል። ማስታወቂያውን ዘግተህ ስትመለስ ስምህን፣ የትውልድ ዘመንህን፣ አገርህን ይጠይቅሃል። አገርህን ከዚያ ረጅም ዝርዝር ውስጥ ፈልገህ ስትሞላ ገጹ እንደ አዲስ ይጀምራል። ይህን ሁሉ ታግሼ መጨረሻው ላይ ስደርስ ነጻ ለመሆኑ ማረጋገጫ የባንክ ካርድ ቁጥር ጠየቀኝ።

«ካርድ አምጣ ይላል» አልኩት ባለቤቱን።

«የቀበሌ መታወቂያህን አሳየው» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

እውነተኞቹ የነጻ ገጾች የት እንዳሉ እስክለይ ጥቅምት ገባ። ጥቅምት ደግሞ የዲቪ ወር ነው። የወረታ ወጣት ብቻ ሳይሆን ከአንበሳሜ የመጣውም ጭምር ፎቶ ተነስቶ ፎርም ሊያስሞላ መጋረጃው ፊት ይሰለፋል። አንድ ቀን አንዲት ገጽ ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር ስትገለጥልኝ አፍጥጬ እያየሁ ነው፤ ራሱ ላይ የመስታወት እንስራ የመሰለ ቆብ የደፋ ሰውዬ ግንባሩ ብቻ ወጥቷል።

«ወንድም፣ አንተ ወዴት ልትሄድ ነው?» አለኝ ከኋላዬ የቆመ ጎረምሳ።

«የትም አልሄድም። ታሪክ እያወረድኩ ነው።»

«ለማይሄድ ሰው ወንበር ይሰጣል እንዴ?»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ባለቤቱ መጥቶ ትከሻዬን ይዞ አስነሳኝ። «መምህር፣ ጨረቃዋ የትም አትሄድብህም። ዲቪ ግን ይዘጋል።»

በዚህ ላይ መብራቱ አለ። ፋይሉ ከመነሻው ተነስቶ እየዳኸ መጨረሻው ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ ያኔ መብራት ይሄዳል። ባለቤቱ በእርጋታ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። እኔ ጥቁሩን ማያ እያየሁ እቀራለሁ። ስለ ዘንዶ የሚያወራው ግማሹ ላይ ተቆርጦ ቀረ። ሌላኛው ፍላሼ ላይ ከነቫይረሱ ገብቶ የትምህርት ቤቱን ጸሐፊ ኮምፒውተር አንበረከከው፤ ጸሐፊዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን አትቀበልም። የጠፈሩ ሰውዬ ብቻ በሙሉ ወረደ። ወረደና እምቢ አለ፤ አይከፈትም። የፋይሉ ስም ጅራት ላይ ሲ፣ ቢ፣ ዜድ የሚሉ ፊደላት ነበሩ፤ ኮምፒውተሩ አያውቃቸውም። ቀናት ከባከኑ በኋላ ነገሩ ተራ የታሸገ ፋይል እንደሆነ፣ ጅራቱን ወደ ዚፕ ብትለውጠው እንደሚፈታ ደረስኩበት።

«ይኸን ሁሉ ጊዜ ችግሩ ጅራቱ ነበር?» አለ ባለቤቱ።

እንዲያትምልኝ ብቻ ነገርኩት። ቀለሙ እያለቀበት ስለነበር ቀዩ ልብስ፣ አረንጓዴው ሰማይ፣ ሁሉም ግራጫ ሆኖ ወጣ።

ታሪኩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቀላል ነው። የጠፈር ሰው በብረት መርከቡ ረግረግ የሞላባት ዓለም ላይ ያርፋል። ረግረጉ ውስጥ ብዙ ክንድ ያለው አውሬ ይኖራል። ሰውዬው አውሬውን ይዋጋዋል፣ ይገድለዋል፣ ረግረጉን በማሽን ያደርቀዋል፣ በመጨረሻም ደረቁ መሬት ላይ ቆሞ ወደ ከዋክብት ይመለከታል። አለቀ። ጥልቅ ሥራ ነው አልልም። ግን ቃላቱ «ሩጥ»፣ «ተጠንቀቅ»፣ «ያ ምንድን ነው» የሚሉ ናቸው፤ ለዘጠነኛ ክፍል ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ገጾቹን በተራ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ከዋክብት የሚያይበትን ትልቁን ሥዕል በሩ ላይ ሰቀልኩት።

ተማሪዎቹ መጡ። መምጣት ብቻ አይደለም፣ ተጋፉ። ከገጽ ገጽ እየተገፈታተሩ ይሄዳሉ፣ መዝገበ ቃላቱን ይነጣጠቃሉ፣ አንዱ «ተጠንቀቅ!» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጮህ ሌላው ፕላዝማው ሥር ይደበቃል። ደስታዬን መሸሸግ አቃተኝ። ከዚያ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሩዝ ማሳዎቹ መሐል ካለ ቀበሌ የምትመጣ፣ ሳትጠይቅ የማታልፍ ልጅ፣ የመጨረሻው ገጽ ሥር ቆማ ጠራችኝ።

«ቲቸር፣ መጨረሻው የታለ?»

«ይኸው ነው መጨረሻው።»

«አይደለም። እዚህ ላይ ክፉው አሸንፏል። ቀጣዩ ገጽ ጠፍቷል።»

ሌሎቹም ተሰብስበው ጠፍቷል አሉ። በሙሉ ድምፅ። እውነት ለመናገር ተጠራጠርኩ፤ ያ ኮኔክሽን ምን የማይበላው ነገር አለ? ቅዳሜዬን ሰውቼ ተመልሼ ሄድኩ፣ የዲቪ ሰልፍ ጠበቅኩ፣ መብራት ጠበቅኩ፣ ፋይሉን እንደገና አወረድኩ፣ ጅራቱን ቀየርኩ። ያው ነው። አንድም ገጽ አልጎደለም።

በሚቀጥለው ጊዜ ልጅቷን በቀጥታ ጠየቅኳት። «ክፉው ማን ነው?»

በርሜል ሙሉ ትዕግሥት ያላት ይመስል ቀስ ብላ በሩ ላይ ያለውን ጀግናዬን አሳየችኝ። «ይኸ ነዋ። አንድ ዓይናው።»

«አንድ ዓይና አይደለም! ዞሮ ነው እንጂ!»

«ቲቸር፣ ሁሉም ገጽ ላይ አንድ ዓይን ነው ያለው። ይኸኛው ግን» ወደ አውሬው ሄደች፣ «ሁለት ዓይን፣ ሙሉ ፊት። እጆቹንም ዘርግቶ እየጸለየ ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሳላል፤ ሰይጣንና ወንጀለኛ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ከወረታ እስከ ጣራ ገዳም ያለ ሕፃን ሁሉ ንግሥ ሲሄድ ይህን እያየ ነው ያደገው፤ ማንም አስተምሮት አይደለም። እኔም አዳማ ሆኜ ሥዕሎቹን አይቻለሁ፤ የማንንም ዓይን ቆጥሬ ግን አላውቅም። የኔ ሠዓሊ ደግሞ፣ አፈር ይቅለለውና፣ ጀግናው ሩቅ አሳቢ እንዲመስል በየገጹ በጎን ስሎታል። አውሬው ሲያስፈራራ ክንዶቹን ወደ ላይ አንስቶ ከነዓይኖቹ አፍጥጦ ያየናል።

ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስረዳሁ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጭንቅላት ከፊት፣ ጭንቅላት ከጎን ሳልኩ። አንዱን ተማሪ አስነስቼ በጎኑ አቆምኩት።

«ስንት ዓይን ይታያችኋል?»

«አንድ!»

«ታዲያ ጓደኛችሁ ክፉ ሆነ?»

«እሱማ ሰው ነው ቲቸር» አለችኝ ልጅቷ። «ሥዕል አይደለም።»

«ተው ቲቸር፣ እሱም ክፉ ነው! እስክሪብቶዬን አልመለሰልኝም!» አለ አንዱ ከኋላ፣ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፣ ትምህርቴም እዚያ ላይ አበቃ።

እልህ ያዘኝ። ጀግናውን ከበሩ አላወርድም አልኩ። ጥሩ ሰው ነው፤ ጥሩ ሰው መሆኑን የጻፉት ሰዎች ያውቃሉ።

ውቂያው አልቆ የኮሚቴው ቀን መጣ። ሰብሳቢው አዛውንት ቄስ ናቸው፤ እንደ ሰፈራቸው ሰው ሁሉ ሩዝ የሚያርሱ። ርዕሰ መምህሩ ከፊት፣ ሁለት ገበሬዎች ከኋላ ሆነው መጡ። ልጆቹን ውስጥ አስቀምጬ በሩ ላይ ተቀበልኳቸው። ቄሱ በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ።

«ይኸን ማን ሰቀለው?»

«እኔ ነኝ አባ። ጀግና ነው። የጠፈር...»

«ጀግና ከሆነ ምነው ፊቱን አዞረብን?»

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ቾክ ከኪሴ አወጣሁ። «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ላስረዳዎት። ሰው በጎን ሲታይ...»

«መምህር፣ ሰውማ በጎን ሲታይ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ልጆቹን በዚህ ሥር ነው ወይ የምታስገባቸው?»

ከገበሬዎቹ አንዱ ክፍሉን በዓይኑ እየለካ ነበር። ስንት ኩንታል እንደሚይዝ ሲያሰላ ታየኝ። ያለቀልኝ መሰለኝ። ልጅቷ ግን ከውስጥ ብድግ ብላ መጣች፣ የቄሱን መስቀል ተሳለመች።

«አባ፣ እሱ ክፉ መሆኑን እኛም እናውቃለን። ይግቡና ያደረገውን ይዩ።»

ቄሱ ጎንበስ ብለው፣ በሩን ሳይነኩ ገቡ። ልጅቷ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። አንድ ዓይናው በብረት መርከብ መጣ። አገሩ የሱ አልነበረም። እዚያ ረግረጉን የሚጠብቅ፣ ማንንም ያልነካ፣ ሲጸልይ የኖረ ፍጥረት ነበር። ሌሎቹ ተማሪዎች አረፋዎቹ ውስጥ ያለውን በእንግሊዝኛ እየጮሁ ያነባሉ፣ እሷ ትተረጉማለች። ትርጉሟ ትክክል ነበር፤ ያ ነው የሚያበግነው። አንድም ቃል አልሳተችም፤ የሳተችው ታሪኩን በሙሉ ነው።

«ከዚያስ?» አሉ ቄሱ።

«ገደለው። ከዚያ ረግረጉን አደረቀው።»

«አደረቀው?» አለ ክፍሉን ሲለካ የነበረው ገበሬ። መለካቱን ትቶ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። «እና በበጋ ከብቱ ምን ይበላል?»

«ሩዙንስ በምን ውኃ ሊያበቅለው ነው?» አለ ሌላው። «እንኳን ክፉ፣ ሞኝም ነው።»

በዚያ ሜዳ ላይ ክረምት ውኃው ተኝቶ ሲነሳ የሚቀረው ርጥበት ሩዝም ሣርም ነው። ረግረግ ያደረቀ ጀግና ፎገራ ውስጥ ይሠራል ብዬ ማሰቤ አሁን ሲታየኝ ይገርመኛል፤ ያኔ ግን ያለኝ ቾክ ብቻ ነበር። ሰዎቹ ግድግዳው ሥር ቆመው ስለ ውኃው ሲከራከሩ የመጡበትን ጉዳይ ረሱት። በመጨረሻ ቄሱ ወደኔ ዞሩ።

«መጨረሻውስ? እንዲህ ሆኖማ አይቀርም።»

«ቲቸር እየፈለገው ነው» አለች ልጅቷ።

ቄሱ አሰቡ። «በል እንግዲያ ፈልግ። ሩዙ ሌላ ቦታ ይቀመጣል፤ መጨረሻውን እስክታመጣላቸው ክፍሉ ይቆይህ። እሱን ግን ከበሩ አውርደው።»

መጨረሻው ያ ነው፤ ሌላ መጨረሻ የለም፤ ያሸነፈው ጥሩው ነው። ይህ ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር። ርዕሰ መምህሩ አየኝ። ልጆቹም አዩኝ። ብናገር ክፍሉ የሩዝ ነው።

«እሺ አባ» አልኩ። «እፈልጋለሁ።»

ሩዙ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባ። ከጆንያ በስተጀርባ ሆኖ ሪፖርት ሲጽፍ ባየሁት ቁጥር እሱም ያየኛል።

እኔም ወደዚያች ወንበር ተመለስኩ። አሳታሚው የከሰረው ወዲያው ስለነበር የጠፈር ሰውዬው ዕድሜ አጭር ነው። አንድ ተከታይ ቅጽ ብቻ እንዳለው ደረስኩበት፤ እሱን ለማግኘት የተጫንኳቸውን አረንጓዴ ቁልፎች አልቆጥርም። ባለቤቱ ሳይቀር አዘነልኝ። «ራስህ ሳለውና ተገላገል» አለኝ። ሲወርድ ሽፋኑን አየሁ፤ ሰውዬው ያው በጎኑ ነው። ተስፋ ቆርጬ ገጾቹን ሳገላብጥ አንዲት ሥዕል ላይ አገኘሁት። መርከቡ ተበላሽቶበት ከሥሩ ተኝቷል፤ ድንገት ዞሮ፣ ሙሉ ፊቱን፣ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ያየናል። ከአፉ የወጣው አረፋ «ያንን መፍቻ አቀብሉኝ» ይላል።

ገጾቹን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ቄሱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ልጆቹ እየጎተቱ አስገቧቸው። ልጅቷ ያችን ሥዕል ቀድማ አይታታለች።

«አባ፣ ይዩት! ሁለት ዓይን ሆነ! ተመለሰ!»

ልጆቹ አጨበጨቡ። ሴቶቹ እልል አሉ። ቄሱ መነጽራቸውን አውጥተው ሥዕሉን ቀረብ ብለው አዩት፣ ሰውዬው መሬት ላይ መውደቁንም ልብ አሉ።

«ንስሐ ገብቷል» አሉ። «ወድቆ ነው የሚለምነው። ምንድር ነው የሚለው መምህር?»

ልጅቷ እንግሊዝኛውን ታውቀዋለች፤ መፍቻ የሚለውን ቃል ከመዝገበ ቃላት ስታወጣው አይቻታለሁ። እሷም እኔን ታየኛለች።

«እርዱኝ ነው የሚለው፣ አባ» አልኩ። ለማስረዳት አውጥቼው የነበረውን ቾክ ኪሴ መለስኩት።